ሌባ፣ ምስጥ እና ዐይን፦ የደሴት ቤተሰብ ቅርሱን በየትኛው መንገድ ይጠብቅ?

አያታችሁ ከዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች ከአንዱ፣ ከቱሉ ጉዶ እንበል፣ ወደ መቂ ወጥተው የቀሩ ናቸው። በዛይኛ የሚያወሩት ተረት አለ፤ በልጅነታቸው ጀልባ ላይ የሰሙት ዜማ አለ፤ ለሆድ ቁርጠት የሚሆን ሥር ያውቃሉ፤ ሣጥናቸው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ ብራና አለ። አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ የልጅ ልጅ ስልኩን ያወጣና «እምዬ፣ ልቅረጽሽ?» ይላል። ቤቱ ያን ጊዜ ሦስት ቦታ ይከፈላል።

አጎት «ቅረጻት! ነገ እሷም የለች፣ ቋንቋውም የለ» ይላል። አክስት «ቀርጸህ ለማን ሲሳይ ልታደርገው ነው? ከርሞ ሌላው ሲነግድበት ልናይ?» ትላለች። አያት ደግሞ ስኒያቸውን እያስቀመጡ «ተረቱን ውሰድ፤ ሥሩን ግን ለሁሉ ዐይን አላወጣውም» ይላሉ።

ሦስቱም ልክ ናቸው። የማይግባቡት የሚፈሩት ጠላት አንድ ስላልሆነ ነው። አጎት የሚፈራው ምስጥን ነው፤ ዝም ብሎ እየበላ የሚጨርሰውን መርሳት። አክስት የምትፈራው ሌባን ነው። አያት የሚፈሩት ዐይንን ነው፤ ማየት የማይገባው ሰው ነገሩን ማየቱን። ገበያው ላይ ያሉት የመጠበቂያ መንገዶች በሙሉ፣ ከቅጅ መብት እስከ ዲጂታል መዝገብ፣ ከእነዚህ ጠላቶች አንዱን ሲዘጉ ለሌላው በር የሚከፍቱ ናቸው። ስለዚህ «የቱ ይሻላል?» ተብሎ ስለ ቅርሱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከተጠየቀ መልስ አይገኝም። ስለ ተረቱ ለብቻ፣ ስለ ሥሩ ለብቻ፣ ስለ ብራናው ለብቻ መጠየቅ ነው የሚያዋጣው።

በዚህ ጉዳይ ብዙ ርቀት የሄዱት፣ ብዙም የተጎዱት፣ የደሴት ሕዝቦች ናቸው። በደሴት ላይ የማን ዜማ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ የምስክር ወረቀት አያስፈልግም። ጣጣው የሚጀምረው ዜማው ጀልባ ሲሳፈር ነው። ከዚህ በታች የእነሱን ልምድ ከእኛ ሕጎች ጋር እያስተያየሁ እሄዳለሁ። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የኢትዮጵያ አዋጆች ብቻ በሚታወቁበት ቁጥር በእኛው ተጽፈዋል።

የቅጅ መብት፦ ግለሰብን ያውቃል፣ ጎሳን አያውቅም

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚለው «ኮፒራይት እናውጣለት» ነው። ለአዲስ ሥራ ግሩም ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራው ደራሲው በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ግን ደራሲው ማን ነው? የሞተውስ መቼ ነው? ከሰባት ትውልድ በፊት የተዜመ ዜማ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ሊመልስ አይችልም።

ከሰሜን አውስትራሊያ ዳርቻ ኤልቾ የምትባል ደሴት አለች። የደሴቷ ሰው ቴሪ ዩምቡሉል በለቅሶ ሥርዓት ላይ የሚቆመውን «የንጋት ኮከብ ምሰሶ» ለመሥራት ከጋልፑ ጎሳ የተቀበለው መብት ነበረው፤ ያንንም ያገኘው በየደረጃው ያለውን ሥርዓት አልፎ ነው። ከሠራቸው ምሰሶዎች አንዱ ሲድኒ ሙዚየም ገባ። በ1988 አውስትራሊያ የአውሮፓውያን ሰፈራ 200ኛ ዓመት ስታከብር ባወጣችው የ10 ዶላር ኖት ላይ የምሰሶው ምስል ታተመ። ሰውዬው ለወኪል ፈርሞ ነበር፤ ወኪሉ ደግሞ ለባንኩ ፈቃድ ሰጠ። የጎሳው ሰዎች እንዴት ብትፈቅድ ነው ብለው ወቀሱት። ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ1991 ተረታ። ዳኛው ፈቃዱ ሕጋዊ ነው አሉ፤ ሆኖም የአገሪቱ የቅጅ መብት ሕግ ነባር ማኅበረሰቦች የጋራ ሥራቸው እንዳይባዛ ለመቆጣጠር የሚያነሡትን ጥያቄ በበቂ ሁኔታ እንደማያስተናግድ በፍርዳቸው ላይ አሰፈሩ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሌባ አለመኖሩን ልብ በሉ። ሁሉም ፈርሟል፣ ሁሉም ተከፍሎታል። የገባው ዐይን ነው፤ ለሙታን መሸኛ የተሠራው ምሰሶ ሥጋ ቤትና አውቶቡስ ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የቅጅ መብት ሌባን ለመያዝ የተሠራ ወጥመድ ነው። ዐይን አይይዝበትም።

ሌላም ነገር አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። የቅጅ መብት በአያታችሁ ዜማ ላይ ባይሠራ እንኳ በቀረጻው ላይ ይሠራል። የድምፅ ቅጂው ባለመብት አዘጋጁ ነው፣ የፎቶው አንሺው፣ የመጽሐፉ ጸሐፊው። ለመመረቂያ ጽሑፉ መቅረጫ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ምንም ሳይሰርቅ ብቸኛውን ቅጂ የራሱ አድርጎ ሊሄድ ይችላል። ልጁን ክፉ አልለውም፤ ሕጉ ነው እንዲያ የሚያደርገው። መድኃኒቱም ቀላል ነው፦ መቅረጫው ከመከፈቱ በፊት አንድ ገጽ ወረቀት። ማን ይይዛል፣ ለምን ሥራ ይውላል፣ ማንን ሳይጠይቅ ለሌላ አይሰጥም፣ ሙሉው ቅጂ ለቤተሰቡ መቼ ይደርሳል። በአማርኛ ተጽፎ፣ ሁለት ምስክር ፈርሞበት። ይህች ገጽ ከብዙ የምስክር ወረቀት ትበልጣለች።

የንግድ ምልክት፦ ለሚሸጥ ነገር ብቻ

ይህን መንገድ እኛ ኢትዮጵያውያን ከብዙዎች ቀድመን ሄደንበታል። በ2005 መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሐረር እና ሲዳሞ የሚሉትን የቡና ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተ። ተቃውሞ ገጠመው፤ ክርክሩ የዓለም ወሬ ሆነ፤ በ2007 ከአሜሪካው ቡና ሻጭ ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈረመ። የንግድ ምልክት ደራሲ ማን ነው ብሎ አይጠይቅም፣ ዕድሜውም አያልቅም። በእኛ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ምዝገባው ለሰባት ዓመት ይጸናል፤ ከዚያ እየታደሰ ይቀጥላል። ማኅበር በጋራ የሚያወጣው ምልክትም ተፈቅዷል።

ግን የሚጠብቀው ስሙን ነው፣ ነገሩን አይደለም። ያውም ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል። ቺካጎ የተቋቋመ «አሎሃ ፖኬ» የሚባል ምግብ ቤት በ2018 ሁለቱን ቃላት አጣምረው በስማቸው ለሚጠቀሙ ሌሎች ምግብ ቤቶች «ስሙን ተዉ» የሚል ደብዳቤ በጠበቃ አስጻፈ። ከተጻፈላቸው መካከል የሃዋይ ተወላጆች ነበሩ። ፖኬ የሃዋይ የዓሣ ምግብ ነው፤ አሎሃ ደግሞ ሰላምታቸው ነው። «ጤና ይስጥልኝ» ማለት በጠበቃ ሲከለከል ማለት ነው።

ሌላው መሰናክል ዝና ነው። የኒውዚላንድ ራግቢ ተጫዋቾች ከጨዋታ በፊት ጭናቸውን እየደለቁ የሚያሰሙት «ካ ማቴ» የሚባለው ሃካ ባለቤት አለው። በ1820 ገደማ የንጋቲ ቶአ ነገድ አለቃ ቴ ራውፓራሃ ከሚያሳድዱት ጠላቶች የስኳር ድንች ጉድጓድ ውስጥ ተሸሽጎ በሕይወት ሲወጣ ያለው ቃል ነው። ይህ አለቃ ኋላ መቀመጫውን ካፒቲ ደሴት ላይ ያደረገ ነው። ነገዱ ቃሉን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ዓመታት ደከመ፤ በ2006 ተከለከለ። ሃካው አገር ምድሩን የሚወክል ሆኗል፣ የአንድ ነጋዴ መለያ ሊሆን አይችልም ተባለ። ሰው ሁሉ ስለወሰደው የማንም አይደለም እንደማለት ነው።

የጣና ነገደ ወይጦ ከደንገል የሚሠሩትን ታንኳና የእሱን ትንንሽ ቅርጽ ለጎብኚ የሚሸጡ ማኅበር ቢሆኑ፣ የጋራ የንግድ ምልክት ያወጣቸዋል። ለለቅሶ ዜማ ግን ይህን አላስብም፤ የማይሸጥን ነገር ለመጠበቅ ብሎ ገበያ ማውጣት ይሆናል።

ልዩ ሕግ፦ ጠንካራው፣ ግን ቤተሰብ ብቻውን የማያወጣው

ንጋቲ ቶአዎች የንግድ ምልክቱን ሲያጡ ሌላ መንገድ ያዙ። በ2014 የኒውዚላንድ ፓርላማ ለዚያ አንድ ሃካ ብቻ ሕግ አወጣ። ለንግድ የሚያትም፣ በፊልም የሚያሳይ፣ ለሕዝብ የሚያሰራጭ ሁሉ ደራሲው የንጋቲ ቶአ አለቃ ቴ ራውፓራሃ መሆኑን መግለጽ አለበት። ገንዘብ አያስከፍልም። መከልከልም አይፈቅድም። «ስሙን ጥራ» ነው፤ ሌላ የለውም።

ይህን የሰማ ብዙ ሰው ይስቃል። እኔ አልስቅም። እኛ አገር የካሴት ሽፋን ላይ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» ተብሎ ሲጻፍ ነው ያደግነው። «የሕዝብ» የተባለው የየትኛው ሕዝብ፣ የየትኛው መንደር፣ የየትኛዋ አልቃሽ እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። አንድ መስመር ስም ስንት ቤት ያኮራ ነበር።

ከዚህ የሚጠነክረው የፓናማው ነው። በካሪቢያን ዳርቻ የሚኖሩት ጉናዎች ከ300 በላይ ደሴቶች አሏቸው፤ ሰው የሚኖርባቸው 50 ያህሉ ናቸው። ሴቶቹ ቀለም በቀለም ጨርቅ ደራርበው፣ የላዩን እየቆረጡ የታቹን እያሳዩ የሚሰፉት የቀሚስ ደረት «ሞላ» ይባላል። ፓናማ በ2000 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 20 እንዲህ ያለ ሥራ የማኅበረሰቡ የጋራ ሀብት ሆኖ ይመዘገባል፤ የሚያልቅበት ዓመት የለውም፤ ደራሲ አምጡ አይልም። በ2019 የአሜሪካው ጫማ አምራች ናይኪ፣ ሌላ የካሪቢያን ደሴት ለሆነችው ለፖርቶ ሪኮ መታሰቢያ ብሎ ባሰበው ጫማ ላይ የሞላ ንድፍ አወጣ። ሕዝቡንም፣ ደሴቱንም አሳስቶ ነው። ጉናዎቹ ተቃወሙ፤ ጫማው ሳይሸጥ ተሰረዘ። የፓናማ ሕግ አሜሪካ ድረስ እጁ አይደርስም። ደርሶ ያስቆመው ወረቀቱን ይዞ የጮኸ፣ ማን ስለ ሁሉ እንደሚናገር አስቀድሞ የወሰነ ሕዝብ ነው።

እኛስ? አዋጅ ቁጥር 482/1998፣ የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው፣ ሰው እንደሚገምተው ደካማ አይደለም። ከማኅበረሰቡ ቅድሚያ ፈቃድ ሳይገኝ ዕውቀቱን መውሰድ አይቻልም። ዕውቀቱ ባይመዘገብም መብቱ አይጠፋም፤ ቀድሞ በመጽሐፍ ታትሞ ቢገኝም አይጠፋም። መንግሥት ከሀብቱ በገንዘብ ከሚያገኘው ጥቅም ግማሹ የባለቤቱ ማኅበረሰብ ነው። ሁለት ነገር ግን ይገድበዋል። አንደኛ፣ ዕፅዋትንና እንስሳትን የሚመለከት ዕውቀት ላይ ነው፤ የአያታችሁ ሥር ይገባል፣ ተረታቸው አይገባም። ሁለተኛ፣ የሚያውቀው ማኅበረሰብን ነው፤ «ይህ የእኛ ቤት መድኃኒት ነው» የሚል ቤተሰብ በማኅበረሰቡ በኩል ነው የሚገባው፣ ጉዳዩ የሚታየውም ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው።

ከአገር ውጭ ደግሞ በግንቦት 2024 ጄኔቭ ላይ የጸደቀው የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ስምምነት አለ። ከጄኔቲክ ሀብትና ከባህላዊ ዕውቀት ተነሥቶ ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ የሚጠይቅ ሰው ምንጩን እንዲገልጽ ያስገድዳል። ሥራ ላይ የሚውለው 15 አገሮች ሲያጸድቁት ነው።

ፓተንትና ውል፦ ከመቶ ስንት? ደግሞስ የምኑ?

ስለ ፓተንት ረጅም አልጽፍም፤ ፓተንት አዲስ ነገር ይፈልጋል፣ የአያት ዕውቀት ደግሞ አዲስ አይደለም። ከሌላው ለመከላከል ግን ማወቅ ይበጃል። የሃዋይ ነባር ሕዝብ ጎደሬን ታላቅ ወንድሙ አድርጎ ያያል፤ በትውፊታቸው ሞቶ የተወለደው የመጀመሪያ ልጅ ከተቀበረበት ጎደሬ በቀለ፣ ቀጥሎ የተወለደው የሕዝቡ አባት ሆነ። በ2002 የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ በሦስት የተዳቀሉ የጎደሬ ዝርያዎች ላይ ፓተንት አወጣ። ገበሬዎቹ ወንድም በባለቤትነት አይያዝም ብለው ተነሡ፤ በ2006 ዩኒቨርሲቲው መብቱን ተወው። ወረቀት አላቀረቡም። ያቀረቡት ዝምድና ነው።

ውል ሌላ ነው፤ ውል ቤተሰብም መንደርም ሊፈርመው ይችላል። ሳሞአ ውስጥ፣ ሳቫይኢ ደሴት ላይ፣ ፋሌአሉፖ የሚባል መንደር አለ። የመንደሩ ሴቶች መድኃኒተኞች ማማላ የሚሉትን ዛፍ ቅርፊት ለጉበት በሽታ ያፈሉት ነበር። ተመራማሪዎች ከቅርፊቱ ፕሮስትራቲን የሚባል ንጥረ ነገር አገኙ፤ ለኤች አይ ቪ ሕክምና ተስፋ ተጣለበት። በ2001 በተፈረመው ስምምነት መድኃኒቱ ከተሸጠ 20 በመቶው ወደ ሳሞአ እንዲመለስ ተወሰነ፦ 12.5 ለመንግሥት፣ 6.7 ለመንደሩ፣ 0.8 ዕውቀቱን ለሰጡት መድኃኒተኞች ቤተሰቦች። አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም! ሆኖም ቤተሰቡ በውሉ ላይ ተጽፏል፤ ብዙ ውል ውስጥ ቤተሰብ የሚባል ቃል ፈጽሞ አይገኝም። ሌላው ችግር ግን ትርፍ ከሌለ የትርፍ ድርሻም አለመኖሩ ነው። ከባዶ ሃያ በመቶ ያው ባዶ ነው።

የጤፉን ታሪክ እዚህ ጋ ማስታወስ ያማል። በ2005 ኢትዮጵያ ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ውል ተፈራረመች፤ ያኔ አርአያ የሚሆን ውል ተብሎ ተወድሶ ነበር። በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ጤፍን ዱቄት አድርጎ በማዘጋጀት ላይ ተሰጠ። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ ውሉ አብሮት ሞተ፣ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ እጅ ተሻግሮ ኖረ። ኢትዮጵያ በገንዘብ ያገኘችው 4,000 ዩሮ ነው። ፓተንቱን የኔዘርላንድ ፍርድ ቤት በ2018 መጨረሻ ዋጋ ቢስ አለው፤ ያውም ሁለት የኔዘርላንድ ነጋዴዎች እርስ በርስ ሲካሰሱ እንጂ በእኛ ክስ አይደለም።

ስለዚህ ውል የሚቀርብለት ቤተሰብ «ከመቶ ስንት?» ከማለቱ በፊት ይህን ይጠይቅ፦ ድርጅቱ ቢከስር ወይም ቢሸጥ መብቱ ወደ ማን ይሄዳል? «ወደ እኛ ይመለሳል» የሚል አንቀጽ ከሌለ አትፈርሙ። ገና ከሚመጣ ትርፍ ሰፊ ድርሻ ይልቅ አሁን የሚሰጥ ትንሽ ነገር፣ ለመንደሩ የውኃ ጉድጓድም ቢሆን፣ ይሻላል።

መዝገብ፦ በር ያለው ቤት ካልሆነ ሜዳ ነው

ምስጥን የሚከላከለው መንገድ ይኸኛው ብቻ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ነገሩ በሕይወት አለ ብለው ይነሣሉ። የመጨረሻዋ ዜማ ዐዋቂ ከሞተች የቅጅ መብት ምን ይጠብቃል?

ቫኑአቱ ከ80 በላይ ደሴቶች፣ ከ100 በላይ ቋንቋዎች ያሏት አገር ናት። በ1980 ነፃ ከወጣች በኋላ፣ ከ1985 እስከ 1994 የውጭ አገር ሰው የባህል ጥናት እንዳያደርግባት ከለከለች። ዝም ብላ በሯን ዘግታ አልተቀመጠችም፤ ከየደሴቱ በጎ ፈቃደኞች እየተመረጡና እየሠለጠኑ የራሳቸውን መንደር እንዲቀርጹ አደረገች፤ ኋላ ሴቶችም ተጨመሩ፣ የሴቶቹን ዕውቀት ሴቶቹ እንዲቀርጹት። ቀረጻው ዋና ከተማው ወደሚገኘው የባህል ማዕከል ይሄዳል። እዚያ «የታቡ ክፍል» የሚባል አለ፤ ባለቤቶቹ የከለከሉት ቀረጻ የሚቀመጥበት፣ ማን ሊሰማው እንደሚችል እነሱ የወሰኑበት። ከምስጥ የተጠበቀ፣ ከዐይንም የተጠበቀ። ካየሁት ሁሉ የሚያስቀናኝ አሠራር ይህ ነው።

ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም፤ መንበረ ታቦት ያለው ሕዝብ «ለሁሉ ዐይን አይደለም» ማለት ምን እንደሆነ ለመረዳት አስተማሪ አይፈልግም። ከመቅደላ የተዘረፉት 11 ጽላቶች እንኳ በብሪትሽ ሙዚየም የሙዚየሙ ሠራተኛ በማያያቸው ዝግ ክፍል ነው የተቀመጡት። ሌባው ራሱ ዐይንን አከበረ፤ ሌብነቱን ግን አልተወም።

ብራናን በተመለከተ በአገራችን ትልቁ ሥራ በ1973 የተጀመረው የማይክሮፊልም ፕሮጀክት ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የገዳምና የቤተ ክርስቲያን መጻሕፍት ተነሥተው ቅጂያቸው አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀምጧል። ብራናው ቢቃጠል ምስሉ አለ። ቢሰረቅም «ይህ የእኛ ነው» ለማለት ማስረጃ አለ። እዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ለማስረጃ ያነሣችሁትን ፎቶ ከቦታው ስም ጋር ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ወደ መዝገብ የሚገባ ምስል ሌባ ያባርራል፤ ወደ ገበያ የሚወጣ ምስል ሌባ ይጠራል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርሱን ለቅርስ ባለሥልጣን ማስመዝገብ ባለቤትነታችሁን አይነጥቅም፤ ከአገር እንዳይወጣ ግን ያግዛል።

ቤተሰብ የራሱን ትንሽ «የታቡ ክፍል» ዛሬ መሥራት ይችላል። ሙኩርቱ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ፤ መነሻው የአውስትራሊያ ዋሩሙንጉ ማኅበረሰብ ነው፣ ማን ምን እንዲያይ ባለቤቱ ይወስንበታል። «ሎካል ኮንቴክስትስ» የሚባለው ሥራ ደግሞ መለያዎች ያቀርባል፤ ቀረጻው ላይ ይለጠፋሉ፦ ይህ ለሴቶች ብቻ ነው፣ ይህ በወቅቱ ብቻ ይሰማል፣ ይህ የእገሌ ወገን ነው። በሕግ አያስቀጡም። ግን ሐቀኛ ሰው የማያውቀውን ያሳውቁታል፤ ከሚበድለን ሰው ግማሹ ደግሞ ሐቀኛና አላዋቂ ነው። ሶፍትዌሩ ከከበዳችሁ ሁለት ሐርድ ዲስክ በሁለት ቤት፣ ከስልክ ውጭ። ስልክ ብቻ ላይ ያለ ቀረጻ የምስጥ ቀለብ ነው።

የቤት ሥርዓት፦ ሁሉም የሚቆምበት

ቫኑአቱ ውስጥ ሰሜን አምብሪም ላይ ከግንድ የሚፈለፈል፣ ሰው የሚያህል ከበሮ ይቆማል። ላዩ ላይ የሚቀረጸውን ፊት ማንም ተነሥቶ አይቀርጽም፤ መብቱ ይገዛል፣ ዋጋውም በአሳማ ይከፈላል። በአገሩ ቋንቋ፣ ከእንግሊዝኛ ወስደው፣ «ኮፒራየት» ይሉታል። ማን ከማን ገዛ፣ ስንት ከፈለ፣ ማን አየ፣ ሁሉም የሚያስታውሰው ነው።

ይህ ተረት ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአውስትራሊያና በፓፑዋ ኒው ጊኒ መካከል ባለው ባሕር ላይ ሜር የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። በ1982 አምስት የሜር ሰዎች፣ ከእነሱም ኤዲ ማቦ፣ የአትክልት ቦታችን የእኛ ነው ብለው ከሰሱ። ማስረጃቸው ምን ነበር? ከአባት የሰሙት ወሰን፣ የድንጋይና የዛፍ ምልክት፣ ማሎ የሚሉት መንፈስ ያወረደው ሕግ፤ ማሎ እጁንና እግሩን ይሰበስባል፣ የሰው ነገር አይነካም የሚል። ደግሞም የደሴቷ የራሷ ሽንጎ ለዓመታት የጻፈው የክርክር መዝገብ። በጁን 3 ቀን 1992 የአውስትራሊያ የመጨረሻው የበላይ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ አውስትራሊያ ባለቤት የሌላት ምድር ነበረች የሚለው አሮጌ አስተሳሰብ ወደቀ።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። መራሩ ክፍል ይኸውላችሁ፦ ማስረጃውን የመረመረው የኩዊንስላንድ ክፍለ ግዛት ዳኛ በ1990 የኤዲ ማቦን የራሱን የውርስ ጥያቄ አልተቀበለም ነበር። ከአጎቱ ቤት በማደጎ ያደገ ሰው ነው፤ በደሴቷ ሥርዓት ልጅ ነኝ፣ ወራሽ ነኝ አለ፤ ዳኛው አላሳመነኝም አለ። ሌሎቹ ከሳሾች ጸንተው ነው ጉዳዩ የቀጠለው። ማቦ ፍርዱን ሳይሰማ በጃንዋሪ 1992 ሞተ። የቤቱን ነገር በቤቱ ሳለ ቁርጥ ያላደረገ ቤተሰብ፣ ለእንግዳ ዳኛ ሲያስረዳ ምን እንደሚገጥመው ከዚህ ይታያል።

ስለዚህ ወደ የትኛውም መሥሪያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ነገር ቤት ውስጥ ይለቅ፦ «አይሆንም» የማለት ሥልጣን የማን ነው? የበኩሩ? የሁሉም እኩል? ዜማውን የምታውቀው የአክስት ልጅ ብቻ? ሪያድ ያለችው እህት ገንዘብ ስለምትልክ ድምፅ አላት? ዋሽንግተን ተወልዶ ቋንቋውን የማይሰማውስ? ይህ ጠብ ያስነሣል፤ ቢያስነሣም አሁን፣ አያት ተቀምጠው እየሰሙ ይሻላል። የተወሰነውን ጻፉት፤ ቀን አድርጉበት።

ይህ ካለቀ ምርጫው አይከብድም። ተረቱና ቋንቋው ጠላቱ ምስጥ ነው፤ ዛይኛን ለሚያህል ትንሽ ቋንቋ ሌባ መፍራት ቅንጦት ነው፤ ቅረጹ፣ በትኑ፣ ለልጆች መጽሐፍ አድርጉት። ብራናው ሌባና ምስጥ ሁለቱም ይፈልጉታል፤ ይመዝገብ፣ ይነሣ፣ ምስሉ ዝግ ይሁን። ዜማውን የልጅ ልጅ በአዲስ ቅንብር ልትሠራው ከሆነ ቅንብሯ የእሷ ነው፤ ሽፋኑ ላይ ግን «የሕዝብ» ሳይሆን የአያቷና የደሴቱ ስም ይጻፍ። ሥሩን አያት ለሁሉ ዐይን አላወጣውም ብለዋል፤ አትቅረጹት። መድኃኒት ሲነገር ይረክሳል የሚለውን እምነት ማክበር አንድ ነገር ነው፤ ይዘውት ወደ መቃብር እንዲወርዱ መፍቀድ ሌላ ነው። አንድ ወራሽ ይምረጡ፤ ሐይቁ ዳር ይዘውት ይሂዱ፤ ቅጠሉን ያሳዩት። ተመራማሪ ከመጣ መልሱ «በኢንስቲትዩቱ በኩል ና» ነው።

አንድ የቀረ አለ፤ ቦታው ራሱ። በጁን 2024 ከጉና ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ጋርዲ ሱግዱብ ወደ 300 የሚጠጉ ቤተሰቦች ባሕሩ እየገፋቸው፣ መሬቱም እየጠበባቸው፣ ዋናው ምድር ላይ ወደተሠራላቸው መንደር ገቡ። ሞላው አብሯቸው ሄዷል፤ መርፌና ጨርቅ የትም ይሠራል፣ ምዝገባውም ከደሴቷ ጋር አይሰምጥም። የትኛው ጎጆ የትኛው ላይ ይጠጋ እንደነበር፣ ከየትኛው መወጣጫ ማን ይሳፈር እንደነበር ግን በየትኛውም አዋጅ አይመዘገብም። የዛይ አያቶችም አብዛኞቹ ወደ ዳር ወጥተዋል። እሑድ ቡናው ሲደገም የልጅ ልጅ ስልኩን ያስቀምጥና እርሳስ ያምጣ፤ «እምዬ፣ ቤታችሁ የት ጋ ነበር? በስተቀኙ የማን ነበር?» እያለ ካርታ ይሣል።